ኤሊዬ እንጀራ ትወዳለች፣ ልከልክላት?

ባለፈው እትም ስለ ጥንቸል ጽፈን መጨረሻ ላይ «ኤሊ ያላችሁም ካላችሁ ጻፉልን» ብለን ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ለቀልድ ነው ያልነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ይሄ ሁሉ ኤሊ በየጓሮው እየዞረ መሆኑን ማን ያውቃል! ከመጡት ደብዳቤዎች የተወሰኑትን አሳጥረን ይዘናል፣ ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ከደሴ ሆጤ ነው የምጽፍላችሁ። ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ከቆላ ሲመለስ ለልጆቼ ኤሊ ይዞላቸው መጣ፣ ያኔ የሻይ ሰሐን ታክል ነበር፣ ይኸው አሁን ዘጠኝ ወር ሆናት። ጀርባዋ ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ነው። ልጆቹ ነፍሳቸው ናት፣ የበሉትን ያበሏታል፣ እንጀራ በሽሮ፣ ዳቦ በወተት፣ ሙዝ፣ አንዳንዴ ብስኩት። እንጀራ ስታይ ትሮጣለች ወላሂ፣ ኤሊ ሮጠች ብል ማን ያምነኛል። ሳር ስንሰጣት ፊቷን ታዞራለች። አሁን ግን አንድ ነገር አስፈራኝ፣ የጀርባዋ ዳር ዳሩ በጣቴ ጫን ሳደርገው ይለሰልሳል፣ የኋላ እግሯንም መጎተት ጀምራለች። አማቴ «ኤሊ አየር በልታ ትኖራለች፣ አታካብጂ» ይላሉ። ምን ላብላት? እንጀራውንስ ልከልክላት?

መልስ፦ እታለም፣ አዎ ከልክያት፣ ከዛሬ ጀምሮ። ልጆቹ ይከፋቸዋል አውቃለሁ። እኛ ወሎዎች ደሞ ቤታችን የገባን ፍጡር ሳናጎርስ እንቅልፍ አይወስደንም፣ እንግዳው ጠገብኩ ሲል እንኳን «በሞቴ» ብለን አንድ እንጨምራለን፣ ኤሊዋ ላይ የደረሰው ይሄው ነው፣ በጉርሻ ብዛት ተጎዳች እንጂ ማንም ክፉ አልሰራባትም። እንጀራ ስታይ መሮጧ ይስማማታል ማለት አደለም፣ ልጆችሽም ከረሜላ ሲያዩ ይሮጣሉ።

ከነገርሽኝ መልክ ያቺ ነብር የሚመስል ዝንጉርጉር ያላት የየብስ ኤሊ ትመስለኛለች። እሷ ሳር በል ናት። የምግቧ ዋናው ክፍል ሳርና አረም ነው፣ ሆዷ ውስጥ ያን ጭረታም ሳር ቀስ ብለው የሚያብላሉ ባክቴሪያዎች አሉ፣ ፈረስ ሳሩን በትልቁ አንጀቱ እንደሚያብላላው ማለት ነው። ዳቦና ሙዝ ሲገባ ስኳሩና ስታርቹ እዛ ውስጥ ቶሎ ይቦካል፣ ጋዝ ይሆናል፣ ተቅማጥ ይሆናል፣ ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። ወተት ጭራሽ አይሆንም፣ ኤሊ ጡት አትጠባ፣ የወተቱን ስኳር የምትፈጭበት ነገር የላትም።

አሁን ወደ ጀርባዋ እንምጣ፣ ዋናው እሱ ስለሆነ። የኤሊ ቅርፊት እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ላይዋ ላይ የተጫነ ነገር የሚመስለን ብዙ ነን፣ እኔም ልጅ ሆኜ ከውስጡ የምትወጣ ይመስለኝ ነበር። አደለም። ጎድን አጥንቷና አከርካሪዋ ናቸው ተስፋፍተው ያንን የሠሩት፣ ላዩ ላይ ብቻ እንደ ጥፍር ያለ ነገር ተለብጦበታል። ስለዚ ጀርባዋ ለሰለሰ ማለት አጥንቷ ለሰለሰ ማለት ነው፣ እግሯንም የምትጎትተው በዛው ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ካልሲየም አጥሯታል፣ ወይ የበላችውን ካልሲየም መጠቀም አልቻለችም፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ነው።

ነገሩ ካልሲየም መብላት ብቻ አደለም፣ ከፎስፈረስ ጋር ያለው ሚዛን ነው። ለኤሊ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት። «ጤፍ እኮ ካልሲየም አለው» የሚል ሰው አይጠፋም፣ ልክ ነው አለው፣ 100 ግራም ጤፍ ውስጥ 180 ሚሊግራም ገደማ፣ ግን ፎስፈረሱ 430 ገደማ ነው፣ እጥፍ ይሁን ያልነው ነገር ተገልብጦ ቁጭ አለ። ለኛ ችግር የለውም፣ እኛ ብዙ ነገር ቀላቅለን እንበላለን፣ ለዘጠኝ ወር እንጀራና ዳቦ ብቻ ለበላች ኤሊ ግን ፎስፈረሱ እየበዛ ካልሲየሙን ከራሷ አጥንት ያስወጣዋል።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ደብዳቤሽ ላይ የት እንደምትውል አልጻፍሽም፣ ግን የሆጤን ብርድ ስለማውቅ ሳሎን ውስጥ እንደሆነች ገመትኩ። ሕፃን ለምን ፀሐይ እንደምናሞቅ ታውቂያለሽ፣ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ ነው፣ ኤሊም እንደዛው፣ ያለሱ የበላችው ካልሲየም ዝም ብሎ ያልፋል። እና በመስኮት በኩል የሚገባ ፀሐይ አይቆጠርም፣ መስታወቱ የሚያስፈልጋትን ጨረር ያስቀረዋል፣ ሙቀቱ ብቻ ነው የሚደርሳት። ስለዚ ውጪ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ባለው፣ ግማሹ ጥላ የሆነ ቦታ ላይ፣ ጥላው የግድ ነው ሲሞቃት የምትገባበት ካጣች ትሞታለች። ውሻና አሞራም አትርሺ።

ምን ትብላ ላልሽው፣ ደሴ ላይ ሆነሽ ብዙ መድከም የለብሽም፣ ሰርዶ አለ አደል፣ ያ በየግቢው ተነቅሎ የሚጣለው ሰርዶ ለሷ ምሳ ነው። ማገጥም ስታገኚ ቀላቅይበት፣ ግን ማገጡ አይብዛ፣ ፕሮቲኑ ከፍ ይላል። በለስ ካለ ደሞ በጣም ጥሩ፣ ፍሬውን ሳይሆን ሰፊውን ገላውን፣ እሾሁን በእሳት ለብለብ አድርገሽ ፍቀሽ ቆራርጠሽ ስጫት፣ ካልሲየም አለው ውሃም አለው። እዚ ላይ አደራ፣ በለስ ነው ያልኩት፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣውን የአጥር ቁልቋል አደለም፣ እሱ መርዝ ነው፣ ወተቱ ዓይን ያጠፋል። ሁለቱንም ቁልቋል የሚል ሰው ስላለ ልጆቹን ከመላክሽ በፊት ራስሽ አሳያቸው። የወፍ ቆሎ፣ ጉሎ፣ አስተናግርም ግቢሽ ካሉ እሷ ከምትዞርበት ይነቀሉ።

ከገበያ የሚገዛ ካስፈለገ ሀበሻ ጎመን ይሻላል፣ የዱባ ቅጠል፣ ዱባው ራሱ ተፍቆ። ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው ብሎ የሚያጎርሳት ቆስጣ ግን ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስላለው ካልሲየሙን ይዞ አብሮት ይወጣል፣ አልፎ አልፎ ካልሆነ ይቅር። ጥቅል ጎመንና ሰላጣም በየቀኑ አይሁን፣ ሰላጣ ውሃ ነው ብቻውን። አቮካዶና ሽንኩርት በፍጹም። ሳሩን ስትሰበስቡ ከዋናው መንገድ ዳርና ከመኪና ማጠቢያ አካባቢ አትውሰዱ፣ የተረጨ ማሳ ዳርም እንደዛው።

ሳር ስናቀርብላት ፊቷን ታዞራለች ላልሽው፣ ታዞራለች ነዋ፣ እንጀራ ለምዳለች። ሰርዶውን በመቀስ ደቃቅ አድርገሽ ቆርጠሽ በተፈቀፈቀ ዱባ ለውሺው፣ ሽታው ይስባታል፣ ከዛ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ዱባውን እየቀነስሽ ሳሩን ጨምሪ። ጤነኛ ብትሆን እስክትሸነፍ ጠብቂ እልሽ ነበር፣ ይቺ ግን ስለደከመች ቀስ ይባል። የእንቁላል ቅርፊት አጥበሽ ቀቅለሽ አድርቂና በሙቀጫ ዱቄት እስኪሆን ውቀጪው፣ በሳምንት ሦስት አራቴ ቁንጥር ምግቧ ላይ በትኚ። የግድግዳ ኖራ ስጡ የሚሉ አሉ፣ አፏን ያቃጥላል፣ ጠመኔም አይሆንም አብዛኛው ጂብሰም ነው።

ግን ይሄ ሁሉ ለነገ ነው፣ የዛሬውን ጀርባዋን የእንስሳት ሐኪም ይየው፣ እግር መጎተት ከጀመረች በቤት ዱቄት ብቻ አትጠብቂ። ወንድምሽንም በፍቅር ንገሪልኝ፣ ሁለተኛ እንዳያመጣ። የዱር እንስሳ አንስቶ መያዝ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው፣ ያሁኗንም ቢሆን የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ብትጠይቁ ጥሩ ነው። ጦሳ ጫካ ወስዳችሁ ግን እንዳትለቋት፣ የቆላ ፍጡር ናት፣ የጦሳን ሌሊት አትችለውም። ለአማትሽም፣ አየር ብቻ በልታ ትኖራለች የሚባለው ኤሊ ሳትበላ ረዥም ጊዜ መቆየት ስለምትችል የመጣ ይመስለኛል፣ ትቆያለች፣ እየሞተች ነው ግን የምትቆየው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነኝ። አጭር ጥያቄ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ስንቀመጥ ኤሊዬ አጠገባችን ትዞራለች፣ ገረባ ስንጥል መጥታ ትበላለች። ፍየል ገረባ በልቶ ይወፍር የለ፣ እሷስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለኤሊዋም ጀባ አላችኋት ማለት ነው። ይቅርባት። ፍየል ሌላ ኤሊ ሌላ፣ ጫት አነቃቂ ነገር አለው፣ ገረባው ላይም ትንሽም ቢሆን ይቀራል፣ እሷ ደሞ አንድ ኪሎ የማትሞላ ፍጡር ናት አንተ የምትችለውን አትችልም። ከሱ በላይ የሚያሳስበኝ ጫቱ ላይ የሚረጨው ኬሚካል ነው፣ አንተ እንኳን ቢያንስ ታጥበዋለህ። ቦርከና ዳር ወርደህ ሳር አጭደህላት ና፣ ከፋብሪካና ከከተማ ፍሳሽ ራቅ ካለው በላይኛው በኩል ግን።

ጥያቄ፦ ከደሴ ፒያሳ። ከአዲስ አበባ የገዛኋት ትንሽዬ የውሃ ኤሊ አለችኝ፣ ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር አላት። ሳፋ ውስጥ ነው የምትኖረው። ጥሬ ሥጋ በየቀኑ እሰጣታለሁ ክትፎ አድርጌ፣ ዳቦም እጨምራለሁ። ሁለቱም ዓይኗ አብጦ ከተዘጋ ሳምንት ሆነው፣ አሁን ምግብም አትነካም። በሻይ አጠብኩላት አልዳነም።

መልስ፦ በመጀመሪያ ከላይ ሆጤ ላለችው እህታችን የጻፍነውን ሳር አንተ አትከተለው፣ በአማርኛ ሁለቱንም ኤሊ ስለምንል ሰው ይደባልቀዋል፣ ያንተዋ ሌላ ናት። የውሃ ኤሊ ልጅ ሆና ሥጋ በል ናት፣ ስታድግ ወደ ቅጠሉ ታደላለች።

የዓይኑ እብጠት በውሃ ኤሊ ላይ በጣም የታወቀ ነው፣ ብዙ ጊዜ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፣ አንዳንዴ ደሞ ከቆሸሸ ውሃ የመጣ ኢንፌክሽን፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተያይዘው ይመጣሉ። ቀይ ሥጋ ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል፣ ካልሲየምም የለውም፣ ፎስፈረስ ግን ሙሉ ነው፣ ክትፎው ላንተ እንጂ ለሷ ምግብ አልሆናትም። ዓይኗ ስለተዘጋ ደሞ ምግቡን አታየውም፣ በማየት ነው የምታድነው፣ ለዚ ነው መብላት ያቆመችው። ሐኪም ጋ ውሰዳት፣ የቫይታሚን መርፌ ከተባለ በልኩ መሆን አለበት ቫይታሚን ኤ ሲበዛም ቆዳዋን ይልጠዋል፣ ስለዚ ከፋርማሲ ገዝተህ ራስህ እንዳትሞክር።

ከዳነች በኋላ ከሐይቅ የሚመጣ ትንንሽ ቆሮሶ ካገኘህ ከነአጥንቱ ከነሆዱ ቆራርጠህ ስጣት፣ ሥጋው ብቻ ሳይሆን ሙሉው ነው ምግብ የሚሆነው። አትክልት ቦታ ሲቆፈር የሚወጣው ትል ጥሩ ነው፣ ጉበት በአሥራ አምስት ቀን አንዴ የጥፍር ያህል። ካሮት ተፍቆ፣ የጎመን ቅጠል ውሃው ላይ ተንሳፎ ይቆይላት፣ ዛሬ ባትነካው ሌላ ቀን ትነካዋለች። መጠኑ የራሷን ጭንቅላት ያህል ይበቃል፣ ትንሽ እያለች በየቀኑ፣ ስታድግ ቀን እየዘለልክ። ውሃ ውስጥ ሆና ካልሆነ መዋጥ አትችልም፣ ደረቅ ላይ አትስጣት። የተረፈውን ወዲያው አውጣ፣ እኔ የማውቀው ሰው በሌላ ሳፋ እየመገበ ወደ ንጹሑ ይመልሳታል፣ አሪፍ ዘዴ ነው። ወጥታ ፀሐይ የምትሞቅበት ድንጋይ አድርግላት። ሳፋውን ግን ልጅ የሚታጠብበት እንዳይሆን! እና ሰልችታህ ሐይቅ ወስደህ እንዳትጥላት፣ የአሜሪካ ዝርያ ናት፣ በየአገሩ ተለቃ የአገሩን ኤሊ እየተሻማች ያስቸገረች ናት።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ። ኤሊዬ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ የየብስ ናት። ክረምቱ ከገባ ወዲህ መብላት ቀንሳ ነበር፣ ኅዳር ላይ ጭራሽ አቆመች፣ ጥግ ይዛ ትተኛለች። የልጅ ልጄ ዩቲዩብ ላይ አይቶ «ኤሊ በብርድ ወቅት ፍሪጅ ውስጥ ነው የምትቀመጠው» ይለኛል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጎረቤቴ ደግሞ ትል ነው የበግ መርፌ እንውጋት አለኝ። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለቱንም እንዳይሰሙ።

የፍሪጁ ነገር ውሸት አደለም፣ አውሮፓ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ የሚያንቀላፉ የኤሊ ዝርያዎች አሉ፣ ሰዎቹ ሙቀቱን በዲግሪ እየለኩ ፍሪጅ ውስጥ ያስተኟቸዋል። የኛ አገር ቆላ ኤሊ ግን እንደዛ አታንቀላፋም፣ ፍሪጅ ቢያስገቧት አትነቃም። የርስዎዋ የቆመችው በርዷት ነው። የራሷ የሆነ የሰውነት ሙቀት የላትም፣ ካልሞቃት ሆዷ አይሠራም፣ በልታም ቢሆን ምግቡ ውስጧ ይበሰብሳል፣ እሷም ያን ታውቃለች መሰል አልበላም ትላለች። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የኅዳር ሌሊቷን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። ኮምቦልቻ እኛ ጋ ሐረጎን ወርደው 1,850 አካባቢ ስለሆነ ይሄ ጥያቄ ብዙም አይመጣም።

ስለዚ መጀመሪያ ሙቀት፣ ምግብ ከዛ በኋላ። ቀን ላይ 28 እስከ 32 ዲግሪ የሚደርስ አንድ ጥግ ያስፈልጋታል፣ ሣጥን ከነድርቆሹ፣ ላዩ ላይ የሚያሞቅ አምፖል፣ መብራት ሲጠፋ በጨርቅ የተጠቀለለ ሙቅ ውሃ የያዘ ጀሪካን። ከሰል ቤት ውስጥ አያጭሱባት፣ ለርስዎም ጥሩ አደለም። በየጠዋቱ ለብ ያለ ውሃ አገጯ ድረስ ብቻ በሚደርስ ዕቃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያስቀምጧት፣ ትጠጣለች፣ እዛው ትጸዳዳለች፣ ነጭ ለስላሳ ነገር ብታወጣ ሽንቷ ነው አይደንግጡ፣ እንደ አሸዋ ከሻከረ ግን ውሃ አንሷታል። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ሞቃት ከዛ እርጥብ ሳር ይስጧት። በበጋ ሳር ሲጠፋ ድርቆሹን ራሱ ቆራርጠው በውሃ አርሰው ቢሰጧት ትበላለች፣ መጥፎ ምግብ አደለም። ሳምንት አልፎ ካልበላች ግን ሐኪም ይያት።

መርፌው ላይ እንምጣ። ለበግና ለከብት የሚወጋው አይቨርሜክቲን ለኤሊ መርዝ ነው። ለሌላው እንስሳ በጣም ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ጎረቤትዎም በክፋት አላሉም፣ ለበግ የተማሩትን ነው የነገሩዎት፣ ኤሊ ላይ ግን ነርቯን ሽባ ያደርጋል፣ ትንፋሽ ያቆማል። ይሄን በመጽሐፍ ብቻ አላወቅኩትም። የዛሬ ስንት ዓመት የራሴን ኤሊ አንድ ክሊኒክ ወስጄ፣ ስሙ ይቅር፣ «ለሁሉም እንስሳ የሚሆን ነው» ብለው ወጉልኝ፣ እኔም ቆሜ እግሯን ይዤ አስወጋሁ፣ በሦስተኛው ቀን አንገቷን ማውጣት አቃታት፣ በአምስተኛው ሞተች። እና ጋሼ፣ ትል አለ ከተባለ ዓይነምድሯን በትንሽ ዕቃ ይዘው ላብራቶሪ ያስመርምሩ፣ የእንስሳት ላብራቶሪ ኮምቦልቻ አለ፣ ትል ከተገኘም ከዛ መርፌ ውጪ ለኤሊ የሚሆን መድኃኒት አለ፣ ባለሙያው መጠኑን በክብደቷ ያስላው።

ጥያቄ፦ አምስተኛ ክፍል ነኝ ከኮምቦልቻ። ኤሊያችን ስንት ዓመት ትኖራለች? የዛሬ ወር ልደቷን እናከብራለን፣ ሐብሐብ ብሰጣት ችግር አለው?

መልስ፦ ጎበዝ! የየብስ ኤሊ በደንብ ከተያዘች ሃምሳ ዓመትም ከዛ በላይም ትኖራለች፣ ሴንት ሄሌና የሚባል ደሴት ላይ ያለው ጆናታን የሚባለው ግዙፍ ኤሊማ እ.ኤ.አ. በ1832 ገደማ እንደተፈለፈለ ነው የሚገመተው፣ ከአያትህ አያት ይበልጣል። ስለዚ አንድ ደብተር ያዝ፣ በየወሩ መጀመሪያ ሱቅ ሚዛን ላይ አስመዝናትና ክብደቷን ጻፍ፣ ከቀነሰች መብላቷ ላይ ችግር አለ ማለት ነው፣ ከሁሉም ቀድሞ የሚነግርህ እሱ ነው።

ሐብሐብ በልደቷ ቀን ይቻላል፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል አንድ ቁራጭ፣ በየቀኑ ግን አይሆንም ምክንያቱን ከላይ ለሆጤዋ እናት ጽፈናል አንብበው። ኬኩን አንተ ብላላት። ከነካሃት በኋላ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ትይዛለች፣ እሷን አያማትም እኛን ነው የሚያመን፣ አሜሪካ ውስጥ በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ከ10 ሴንቲሜትር ያነሰች ኤሊ ለቤት እንስሳነት መሸጥ ተከልክሏል፣ ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እየከተቷቸው። ትንሽ ወንድም ወይ እህት ካለህ እንዳይስሟት ተጠንቀቅ። እና ሐብሐቡ ከፍሪጅ ከወጣ ትንሽ ፀሐይ ላይ ይቆይ፣ ቀዝቃዛውን እንዳለ አትስጣት።